የላባ አውራ ጣት

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ጫማ ሠሪ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ላይ ሽበት ከወጣ በኋላ ነው። እስክሪብቶ ስይዝ ወስፌ የያዝኩ ይመስለኝና ወረቀቱን እወጋዋለሁ። የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪያችን «እያንዳንዳችሁ በቅርብ የምታውቁትን የአንድ ሰው ሕይወት ጻፉ፤ አንድ ላይ ጠርዘን ከእናንተ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች እናስነብባለን» ሲሉ፣ ከፊቴ በተቀመጠው ሰውዬ ጀርባ ተከልዬ ነበር። አላመለጥኩም።

«አንተስ ስለ ማን ትጽፋለህ?» አሉኝ።

«ስለ ሚስቴ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ «ፈቅዳልሃለች?» አለ። አልፈቀደችም፤ አልጠየቅኳትም። ግን አንዴ ከአፌ ወጣ። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ስለ እሷ ማውራት ከጀመርኩ ማቆም ያቅተኛል። ሰው ግን ጥቂት ሰምቶኝ «ሥራ አለብኝ» ብሎ ይነሳል። ወረቀት የትም አይሄድብኝም። እንግዲህ የተሳሳትኩትን በሆዳችሁ ያዙልኝ።

ሚስቴ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ላባ» ይሏታል፤ እኔም እዚህ ላይ እንደዚያው ልጥራት፣ ስሟን ብጽፈው ቤት አታስገባኝም። ላባ ሲሏት ቀጭን፣ ነፋስ የሚወስዳት ሴት እንዳትመስላችሁ። ቁመቷ ከኔ ይበልጣል። ስትስቅ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጎረቤት «ምን ተገኘ?» ይላል። በር ስትዘጋ ቤቱ ይነቃነቃል፣ መደርደሪያዬ ላይ የደረደርኩት ፎርማ፣ ጫማ የምወጥርበት የእንጨት እግር፣ ይንቀጠቀጣል። ላባ ያሏት እጇን አይተው ነው፤ ያውም በሥራ ሰዓት ብቻ።

እናቷ፣ አማቴ ማለት ነው፣ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበሩ። የማጠቢያ ቤቱ መስኮት ከላብራቶሪው መስኮት ፊት ለፊት ነበር። ላባ ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እናቷ ሥራ እስኪጨርሱ የታጠፈ አንሶላ ክምር አጠገብ ተቀምጣ ያንን መስኮት ታይ ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች አንድ ነገር ላይ አጎንብሰው አይንቀሳቀሱም። «ምን እንደሚያዩ ማወቅ ፈልጌ ነው የተማርኩት» ትላለች። አማቴ ግን እስከ ዛሬ ለጠየቃቸው ሁሉ «እኔም አጣቢ ነበርኩ፤ እሷም ተምራ ተምራ አጣቢ ሆነች» ይላሉ።

«እማዬ፣ የኔ አጠባ ሌላ ነው እኮ!» ስትላቸው፣

«ማጠብ ማጠብ ነው፤ ብቻ እድፉ ይልቀቅ» ይሏታል።

የምታጥበው እድፍ አይደለም። ምን እንደሆነ ልነግራችሁ ልሞክር፤ እኔም እስኪገባኝ ድረስ ብዙ አድክሜያታለሁ።

ሰውነታችን የተሠራው ዓይን ከማያያቸው ሴሎች ነው። ሴሎቹ ደግሞ እርስ በርስ፣ ከቦታቸውም ጋር የሚያያዙበት ፕሮቲን ላያቸው ላይ አለ። ይሄንን ስትነግረኝ «ገባኝ፤ ማስቲሽ ማለት ነው!» አልኩ። «ማስቲሽ አይደለም። እጅ በለው፤ ይይዛል፣ ይለቃል» አለችኝ። ይሄ እጅ ባይኖር ሰው እንደ አሸዋ ይበተን ነበር። ችግሩ አንዳንዴ መያዝ የሌለበትን መያዙ ነው። በሽታ የሚከላከሉልን ነጭ የደም ሴሎች፣ ሳይፈለጉ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጣበቁና ወደ መገጣጠሚያ ወይ ወደ አንጀት ሾልከው ይገባሉ። ቦታው ያብጣል፣ ያማል። የላባ ላብራቶሪ የሚፈልገው ያ እጅ እንዳይዝ የሚከለክል ኬሚካል ነው። ከተገኘ፣ አንድ ቀን መድኃኒት ይሆናል ብለው ነው።

«እንዴት አድርጎ ነው የሚከለክለው? እጁን ይቆርጠዋል?» አልኳት።

የጫማ ብሩሼን አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና «ጨብጠው» አለች። ጨበጥኩት።

«አሁን ደግሞ እጄን ያዘኝ።»

«በምኔ ልያዝሽ? እጄ ሙሉ ነው!»

«በቃ፣ ኬሚካሉ ብሩሹ ነው» ብላኝ ሄደች።

እንግዲህ እኔ ቀኑን ሙሉ ሳጣብቅ እውላለሁ፣ እሷ ቀኑን ሙሉ የሚያላቅቅ ስትፈልግ ትውላለች። ጎረቤቶቻችን «እናንተ ቤት ትዳሩ በምን ጸና?» እያሉ ይቀልዱብናል። ጸንቷል፣ ተመስገን።

አሁን ወደ እጇ ልምጣ። ፕሌት የሚሉት የፕላስቲክ ዕቃ አለ። መዳፍ ያህላል፤ እንደ እንቁላል መያዣ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፣ ጉድጓዱ ግን አንድ የሽንብራ ፍሬ ቢይዝ ነው። በየጉድጓዱ ሴሎች ይጨምራሉ፤ አንዱ መስመር ላይ ደግሞ የሚፈተነውን ኬሚካል ይጨምራሉ። ሴሎቹ ከሥር ይጣበቃሉ። ከዚያ ይታጠባሉ። የተጣበቀው ይቀራል፣ ያልተጣበቀው ይሄዳል። በመጨረሻ ወይን ጠጅ ቀለም ይጨመራል፤ ሴል የቀረበት ጉድጓድ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ሴል የለቀቀበት ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ንጹሕ ከሆነ ኬሚካሉ እጁን አስለቅቋል ማለት ነው።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ አጠባው ላይ ነው። በኃይል ካጠቡት የተጣበቀውም ይነቀላል። እየሰሰቱ ካጠቡት ያልተጣበቀውም ይቀራል። ላባ ፈሳሹን በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ታንጠባጥበዋለች፤ ፕሌቱን ትገለብጠዋለች፤ የቀረው ፈሳሽ እንዲወጣ ወፍራም የወረቀት ፎጣ ላይ በቀስታ መታ አድርጋ ጠብ ታደርገዋለች። ይሄው ነው። ሲያዩት ምንም አይደለም። አብሯት የሚሠራ «ጥድፊያ» የምንለው ቴክኒሻን አለ፣ ምሳውን ቆሞ የሚበላ። «እሱ ሲያጥብ ሴሎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ይወጣሉ» ትላለች። ማሽንም ሞክረው ነበር፤ ለነዚያ ሴሎች እጁ ከበደባቸው። ስለዚህ በዚያ ክፍል ማሽኑ የላባ እጅ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የታክሲ በር አውራ ጣቷ ላይ ተዘጋ። ጥፍሯ ጠቆረ፣ ጣቷ አልታጠፍ አለ። ሐኪም በፋሻ አሰረላትና «እረፊ» አላት። አላረፈችም። በዚያ ሰሞን ዶክተሯ፣ የላብራቶሪው ኃላፊ ናቸው፣ ከብዙ ኬሚካል መሀል የመረጡት አንዱ እየተፈተነ ነበር። ዶክተሯ ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ ታኳቸው ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው የሚያልቀው። ይሄን የማውቀው እኔ ስለምጠግነው ነው።

ኬሚካሉ ያለበት መስመር ንጹሕ ሆነ። ደገሙት፤ አሁንም ንጹሕ፣ ብርጭቆ የመሰለ። ጥድፊያ ጨፈረ። እኒያ ዝምተኛ ሴት ላባን አቀፏት። በሚቀጥለው ሳምንት ሥራውን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ፤ በሚቀርብላቸው ሥራ ላይ የላባ ስም ከዶክተሯ ስም ጎን ይጻፋል ተባለ። ያን ያህል ዘመን ስትሠራ ስሟ ጋዋኗ ኪስ ላይ ካልሆነ የትም ተጽፎ አያውቅም። አማቴ ይሄን ሲሰሙ «ታዲያ በትልቁ ይጻፉት» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በሩን በቀስታ የዘጋችው።

እኔ ክው አልኩ። በር በቀስታ ስትዘጋ ሰምቼ አላውቅም።

«አሞሻል?»

«አላመመኝም።»

«ጣትሽ ነው?»

«አዎ፣ ጣቴ ነው» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ ግን ጎረቤት የሚሰማው ዓይነት አልነበረም።

በፕሌቱ ፋንታ የሳሙና ማስቀመጫውን ውኃ አስነክታ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛዬ መጣች። አሮጌ ጋዜጣ ዘረጋች። «እየኝ» አለች። የታሰረው ጣቷ ስለማይታጠፍ ዕቃውን በሌሎቹ ጣቶቿ ነው ቆንጥጣ የያዘችው። ገልብጣ ጠብ አደረገችው። አንዱ ጠርዝ ቀድሞ አረፈ። ጋዜጣው ላይ የቀረው እርጥበት በዚያ በኩል ጠለቅ ያለ ነው፣ በወዲህ በኩል ስስ።

«ዛሬ የወረቀት ፎጣውን ልጥል ስል አየሁት» አለች። «ሁሌ የፕሌቱ እርጥበት ዙሪያውን እኩል ነበር የሚወጣው። ፋሻው ከታሰረ ወዲህ አንዱን ጠርዝ እየመታሁት ነው። ኬሚካሉ የቱ መስመር ላይ እንዳለ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ፊቷ ግን ነገረኝ።

«እዚያው ጠርዝ ላይ» አለች። «ኬሚካል የሌለበት ማነጻጸሪያው ደግሞ በማዶ ጠርዝ።»

«ስለዚህ ሴሎቹን የነቀላቸው ኬሚካሉ ሳይሆን ያንቺ ምት ነው?»

«አላውቅም! ኬሚካሉ ሊሆን ይችላል። እኔም ልሆን እችላለሁ። አንድ ላይ ሆነን ይሆናል።»

እኔ ፈሪ ነኝ፣ «እንግዶቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ ብትነግሪያቸውስ?» አልኩ።

«አንተ ሶሉ እንደማይዝ እያወቅህ ጫማ ለሰው አስረክበህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እህ!»

አብረውን የሚኖሩት አማቴ ከጓዳ ሆነው «ስሟን በትልቁ ይጽፉታል አላችሁኝ እኮ!» አሉ።

«ስሙ ይቅር እማዬ» አለች ላባ። ከዚያ ድምፅዋን ቀንሳ ለኔ ብቻ «የሚያምኑት እጄን ነው። ነገ ከነገርኳቸው፣ ከዚህ በኋላ ሳጥብ ሁሉም ቆሞ እጄን ነው የሚያየው» አለችኝ። እሷ የፈራችው ይሄንን ነው። በዚያ ላብራቶሪ ያላት ነገር እጇ ብቻ ነው፣ እሱን ነው አሳልፋ የምትሰጠው። ሻይዋን አቀረብኩላት።

በማግስቱ ሄደች። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት «ምን ሆነ?» ስላት «እየሠራን ነው» ብቻ ነው መልሷ። ያለ ወትሮዋ ቀድማ እየወጣች አምሽታ ትመለሳለች። በሩን አሁንም በቀስታ ነው የምትዘጋው።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እግዜር ሲሰጥ ጥድፊያ ሶሉ አፉን ከፍቶበት እያነከሰ ሱቄ ገባ። «ቶሎ በለኝ፣ ቸኩያለሁ!» አለ፣ እንደ ልማዱ። ጫማውን አስወለቅኩት፣ ማስቲሽ ቀባሁት፣ ከዚያ ጫማውን ከኋላዬ አስቀመጥኩት።

«እስኪደርቅ ቁጭ በል። እስኪደርቅ ሁሉንም ትነግረኛለህ።»

«እሷ አልነገረችህም?»

«እሷማ የምትለው ‹እየሠራን ነው› ብቻ ነው።»

ሳቀና በካልሲው ተቀመጠ። እንዲህ ሲል ነገረኝ፦

ለኔ በነገረችኝ ማግስት፣ ላባ ዶክተሯ ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነው የገባችው። «ዶክተር፣ ያ ንጹሕ መስመር የኔ እጅ የፈጠረው ሊሆን ይችላል» አለቻቸው። ዶክተሯ «አሳዪኝ» አሉ። ፕሌቱን ውኃ ሞልታ ፎጣው ላይ ገልብጣ አሳየቻቸው። ጥድፊያ በዚህ መሀል «ኧረ ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው! እንግዶቹ ሊመጡ ነው፣ አሁን ይሄን ምን አመጣው?» ብሎ ጣልቃ ገባ። ዶክተሯ «አንተ ትንሽ ዝም በል» አሉት፣ ሳይቆጡ። ፎጣውን ወደ መስኮቱ ወስደው ደጋግመው አዩት። ከዚያ «ኬሚካሉን ሁልጊዜ ጠርዝ ላይ የደረደርኩት እኔ ነኝ፣ ለማንበብ ይመቸኛል ብዬ» አሉ። «ያንቺ ጣትና የኔ አደራደር ተገናኝተው ነው። አሁን እንበትነዋለን።»

በሩን ዘግተው ብቻቸውን ኬሚካሉን እዚህም እዚያም ጉድጓድ ውስጥ በተኑት፣ መሀልም ጥግም። የት የት እንዳለ ከሳቸው በቀር ማንም አያውቅም። ላባ ፋሻውን ፈታች።

«ሐኪሙ ሳይፈቅድላት?» አልኩት።

«ሐኪሙማ እረፊም ብሏት ነበር!»

ጣቷን አጠፈችው። ጥድፊያ ከንፈሯን ስትነክስ አይቷል። ፕሌቱን እንደ ድሮዋ ያዘችው፣ አጠበችው፣ ገለበጠችው፣ ጠብ አደረገችው። ማንም እጇን አላየም፤ ሁሉም ፎጣውን ነው ያየው። እርጥበቱ ዙሪያውን እኩል ነበር። ከዚያ ቀለሙ ተጨመረ።

«እና?» አልኩት።

«ማስቲሹ አልደረቀም?»

«አልደረቀም! እና?»

«ንጹሕ ጉድጓድ ጠፋ። አንድም የለም።»

«በቃ፣ ከሸፈ?» አልኩት። እሱ ግን ቀጠለ። ዶክተሯ ኬሚካሉ ያለባቸውን ጉድጓዶች አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ጫፍ ሲያሳዩ፣ ሁሉም ከአጠገባቸው ካሉት ፈዘዝ ብለው ተገኙ። መሀል ያለውም፣ ጥግ ያለውም። ሴሎቹ ሁሉ አልለቀቁም፤ ብዙዎቹ ግን ለቀዋል። ኬሚካሉ ይሠራል! ብርጭቆ ያስመሰለው ግን የላባ የጠርዝ ምት ነበር። ላባ በዚህም አልረካችም። ኬሚካሉ እጃቸውን አስለቅቆ ሳይሆን ገድሏቸው ቢሆንስ ብላ፣ ያጠበችበትን ፈሳሽ ሰብስባ በማይክሮስኮፕ አየች። ሴሎቹ በሕይወት አሉ። ደጋግመው ሠሩት፤ ያው ነው።

«ዶክተሯስ ምን አሉ?»

«ደካማ ነው፣ ግን አለ፣ አሉ። ያለ ነገር ከሆነ የኬሚስትሪ ሰዎች ሊያጠነክሩት ይሞክራሉ፣ አሉ። ከዚያ ለኔ ወይን ጠጁን ፕሌት ሰጡኝና እጠበው አሉኝ። ለኔ የሚሰጠኝ ይሄ ነው፣ ያለቀለት።»

ዛሬ ደግሞ እንግዶቹ ፊት ዶክተሯ ሁለቱንም ፎቶ አሳዩ፤ ብርጭቆ የመሰለውንም፣ ፈዘዝ ያለውንም። አንዱ እንግዳ «የመጀመሪያው ልክ እንዳልሆነ ምን አሳወቃችሁ?» ብለው ጠየቁ። ዶክተሯ ወደ ኋላ ወንበር ጠቆሙ። ላባ፣ ያቺ ስትስቅ ሰፈር የምትቀሰቅስ ሴት፣ ድምፅዋ ጠፋ። በአፍ መናገር ሲያቅታት ፕሌትና ውኃ አስመጣች። አውራ ጣቷን ቀጥ አድርጋ አንዴ ጠብ አደረገች፣ ከዚያ አጥፋ ደገመችው። እንግዶቹ ከወንበራቸው ተነስተው ሁለቱን ፎጣ ለማየት ተጋፉ። አንዱማ ልሞክር ብሎ የገዛ ጫማውን አረጠበ።

«ከዚያ በኋላ ዶክተሯ ለእንግዶቹ ምን እንዳሉ ታውቃለህ?» አለኝ ጥድፊያ። «ከዚህ በኋላ እዚህ ላብራቶሪ ሴል የሚያጥብ ሁሉ ከሷ ይማራል፣ አሉ። እኔም ጭምር! ነገ ተማሪ ነኝ።»

«ስሟስ?»

«ተጽፏል። ከዶክተሯ ጎን።»

«በትልቁ?» አልኩ፣ አማቴን አስቤ።

«እኩል ነው።»

የጥድፊያን ሶል በማስቲሹ ላይ ደግሞ በክር ዙሪያውን ሰፋሁለት። «ቸኩያለሁ እኮ!» ይለኛል። ይቸኩል። ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ይዞልኝ መጥቶ በማስቲሽ ብቻ አልሸኘውም። ከዚያ በኋላ ሱቄ የገባውን ሁሉ፣ ክር ሊገዛ የመጣውን ሳይቀር፣ «የኔ ሚስት እኮ» እያልኩ ያዝኩት። ሁሉም «ሥራ አለብኝ» ብሎ ሄደ። አላፈርኩም።

ማታ ላባ ከሥራ ስትመለስ በሩ ድርግም አለ። ቤቱ ተነቃነቀ። አማቴ ከጓዳ «መጣች» አሉ።

«ታዲያ እድፉ ለቀቀ?» አሏት፣ ገና ሳትቀመጥ።

«በከፊል ለቀቀ እማዬ።»

«በከፊል ከሆነ ነገ ድገሚዋ። እኔ በከፊል የለቀቀ አንሶላ አላስረክብም ነበር።»

ላባ ሳቀች፣ ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት «ምን ተገኘ?» አለ። እኔ «ኬሚካል!» ብዬ መለስኩለት።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሳትሄድ የመሥሪያ ጠረጴዛዬን ወሰደችብኝ። ከላብራቶሪ የሚጣል ፕሌት አምጥታ ነበር። ውኃ ሞላችው፣ ጋዜጣ ዘረጋች፣ ገልብጣ ጠብ አደረገችው። ጥፍሯ አሁንም ጥቁር ነው። ጎንበስ ብላ እርጥበቱን አየችና «የቱ ጠርዝ ጠልቋል?» አለችኝ።

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። «የትኛውም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንቺ፣ እኔ ሶል በዓይኔ የምለካ ሰው ነኝ።»

እንደገና ሞላችው። አሁን ፕሌቱን አዙራ በሌላው ወገን ገለበጠችው። ደግማ ጎንበስ አለች፣ ደግማ ቀና አለች። ከዚያ ፕሌቱን በጋዋኗ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤ በሩን ዘጋችው። ከመደርደሪያዬ ላይ አንድ ፎርማ ወደቀ።